ናልትሬክሶን፣ አካምፕሮሴት ወይስ ዳይሰልፊራም? ለመጠጥ ሱስ የቱ ለማን ይሆናል

መጠጥ ለማቆም የሚረዳ መድኃኒት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱ። አሁንም እየጠጣችሁ ነው ወይስ አቁማችኋል? ምርጫው በአብዛኛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ገና ላላቆመ ሰው እኔ የማስቀድመው ናልትሬክሶንን ነው። ለመጀመር የግድ ማቆም አያስፈልግም። የመጠጡን ደስታ ስለሚያደበዝዘው ሁለተኛው ብርጭቆ እንደ ድሮው አያጓጓም። በቀን አንድ ባለ 50 ሚሊግራም ኪኒን ነው። ለሚረሳ ሰው በወር አንዴ የሚሰጥ ባለ 380 ሚሊግራም መርፌ አለ፤ ዋጋው ግን ከኪኒኑ በጣም ይወደዳል። መጀመሪያ አካባቢ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ግን እንዳይነካው። ማስታገሻውን ከማክሸፉም በላይ ክፉኛ ሊያሳምመው ይችላል። ጉበቱ የተጎዳም ሰው አስቀድሞ ይመርመር።

አካምፕሮሴት ላቆመ ሰው ነው። ከመጠጥ በኋላ የሚመጣውን መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ያረግባል። ጉበትን አያስቸግርም፣ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል፤ በጣም ከተጎዳ አይሰጠውም። አድካሚው ነገር ብዛቱ ነው፤ ባለ 333 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት እያደረጉ በቀን ሦስት ጊዜ።

የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ሁለቱን በ2023 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካቷቸዋል።

ዳይሰልፊራም፣ ብዙዎች አንታቢዩዝ የሚሉት፣ ከሁሉም የቆየው ነው። አምሮትን አይቀንስም፤ የሚያስቆመው በፍርሃት ነው። በላዩ ላይ ከተጠጣ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ትውከት ይመጣል፣ ግፊት ይወርዳል። አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕ ወይም የአፍ መጉመጥመጫም ይበቃል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላ አይጀመርም። ካቆሙትም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሰውነት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። የልብ ሕመም ላለበት አይሆንም።

እዚህ ላይ ቤተሰቦችን እለምናለሁ። «ሳያውቅ ቡናው ውስጥ እንጨምርለት» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ከጭንቀት እንደሆነ ይገባኛል። ግን አታድርጉት። ያልነገራችሁት ሰው ማታ አረቄውን እንደለመደው ይጠጣል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ዳይሰልፊራም የሚሠራው ራሱ ፈልጎት፣ እናንተ እያያችሁት ሲውጠው ነው።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ቤቱ ሆኖ በድንገት አያቁም። የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ከሦስቱ አንዱም ይህን አይከላከልም። እሱ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፣ የኪኒኑ ምርጫ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።