«አይወድቅም» ተብሎ የሚሸጥ ባለ ሦስት እግር ሞተር ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ጉልበታቸው ወይም ወገባቸው አልታዘዝ ያላቸው፣ ነገር ግን ከሞተር ሳይክል መለየት ያልሆነላቸው የዕድሜ እኩዮቼ እኔ የተታለልኩበትን ግዢ እንዳይደግሙት ነው። ለብዙ ዓመታት የነዳሁት ከ350 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የረጅም ጉዞ ሞተር ሲሆን፣ በጉዞ ላይ አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ሲቆም ነው። ሁለት ጊዜ ተዳፋት ላይ ቆሜ እግሬን ሳሳርፍ ጉልበቴ ከዳኝና ሞተሩ ቀስ ብሎ ተጋደመብኝ። የባለ ሦስት እግር ማስታወቂያዎችን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሻጩ ያቀረበልኝ፣ የኋላ ጎማው ወጥቶ በምትኩ ሁለት ጎማ ያለው አክሰል የተገጠመለት ያገለገለ ትልቅ ሞተር ነበር። «አይወድቅም፤ ሞተር መንዳት ለሚችል ሰው አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም» አለኝ። ቆሞ አለመውደቁ እውነት ነው። ትምህርት አያስፈልገውም ማለቱ ግን ሕይወቴን ሊያሳጣኝ ትንሽ የቀረው ውሸት ነበር። በሻጩ ግቢ ውስጥ፣ በለስላሳ ሲሚንቶ ላይ፣ ቀጥ ብዬ ሄጄ ቀጥ ብዬ ተመለስኩና ይህን እንደ ሙከራ ቆጥሬ ቀብዱን ከፈልኩ።

ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ፍጥነት ከያዘ በኋላ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የቀኝ እጀታው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ይዞራል፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ከዚያም ይታጠፋል። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው። የማያጋድለው ባለ ሦስት እግር ግን እንደ መኪና ጎማው ወደ ዞረበት ብቻ ስለሚሄድ፣ የቀኝ እጀታውን የገፋ ሰው ወደ ግራ ይወጣል። በመጀመሪያው የቀኝ ኩርባ ላይ እኔም የወጣሁት ወደ ግራ ነበር፤ ያተረፈኝ በዚያች ቅጽበት ከፊቴ የሚመጣ ተሽከርካሪ አለመኖሩ ብቻ ነው።

እግርም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሊቆም ሲል እግርን መሬት ማስነካት የሞተረኛ ደመ ነፍስ ሲሆን፣ የኋላው ጎማ ደግሞ ወደ ጎን ወጣ ስለሚል የሚመጣው እግር ባረፈበት መስመር ላይ ነው። በግራ ጫማዬ ተረከዝ ላይ የጎማው ጥርስ የተወው ምልክት እስካሁን አለ። ጫማው ወፍራም ባይሆን ኖሮ ዛሬ የማማርረው ስለ ጉልበቴ ሳይሆን ስለ ቁርጭምጭሚቴ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ በልምምድ ይታረማሉ፤ የመሪው ክብደት ግን በልምምድ አይታረምም። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ክንዶቼ ዝለው መሪውን መያዝ አቃተኝ። ምክንያቱን ኋላ ሞተሩን ያየው መካኒክ በጣቱ አሳየኝ። በባለ ሁለት ጎማ ሞተር ላይ የፊት ጎማው መሬት የሚነካው፣ የመሪው ዘንግ ወደ መሬት ቢቀጥል ከሚያርፍበት ነጥብ ወደ ኋላ ርቆ ነው። ይህ ርቀት ባለ ሁለት ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ማጋደል በማይችለው ባለ ሦስት እግር ላይ ግን እያንዳንዱን መታጠፍ የክንድ ትግል ያደርገዋል። ስለዚህ በሚገባ የተቀየረ ሞተር የፊት ሹካውን የሚይዘው ክፍልም አብሮ ይቀየርለታል፤ ርቀቱ ያጥራል፣ መሪውም ይቀላል። የእኔው ከኋላ ብቻ ተቀይሮ ከፊት እንዳለ የተተወ ነበር። ሻጩ የቆጠበው ይህንን ሥራ ሲሆን፣ ለእኔ የሸጠልኝ ግን የተሟላ ነው ብሎ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው ብየዳም በቀለም ተሸፍኖ ነበር እንጂ አልተስተካከለም፤ ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው ሥሩ ዝገት አገኘሁ።

ከፋብሪካው ጀምሮ ለሦስት ጎማ የታሰቡት ከዚህ ይለያሉ። የሃርሊ ዴቪድሰኑ ትራይ ግላይድ ሻንሲውና የፊት ሹካው ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የካን አም ስፓይደር ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ሲሆኑ፣ መገልበጥን የሚከላከል የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያም አለው። በኩርባ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊትና ወደ ውጭ ስለሚሄድ፣ በዚያ ማዕዘን ላይ ጎማ መኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ፍሪሲዮን መጭመቅ ለሚያማቸው እጆች፣ ከዚያው ኩባንያ የመጣው ራይከር ማርሽ መቀየር አያስፈልገውም።

በጣም የምፈራላችሁ ግን የሚያጋድሉትን ባለ ሦስት እግሮች ያለ ማብራሪያ እንዳትገዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፒያጆ ኤምፒ3 ሊቆም ሲል ማጋደሉን የሚቆልፍ መሣሪያ አለው፤ ሲቆለፍ እግር ሳያወርዱ መቆም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው የያማሃ ናይከን ደግሞ ከፊት ሁለት ጎማ ቢኖረውም እንዲህ ያለ መቆለፊያ የለውም። ጎማዎቹ በኩርባ ላይ መንገዱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሲቆም ግን እንደ ማንኛውም ሞተር በአሽከርካሪው እግር ካልተደገፈ ይወድቃል፣ ክብደቱም ከ250 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ግሩም ሞተር መሆኑን አልክድም፤ ጉልበቱ ለከዳው ሰው «አይወድቅም» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ያገለገለ ባለ መቆለፊያ ስትገዙም ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ ወርዳችሁ ለጥቂት ደቂቃ በጎን በኩል ገፋ አድርጉት። ቀስ በቀስ ካዘነበለ መቆለፊያው ችግር አለበት ማለት ነው።

ሳይድካር፣ ማለትም ከሞተሩ ጎን የሚገጠም ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ፣ የራሱ ዓለም ነው፤ ፍሬን ሲያዝና ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ተለያየ ጎን ይጎትታል፣ ባዶ ከሆነም ወደ ሳይድካሩ በኩል ሲታጠፍ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ከነባሩ የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚታሰሩትን ደጋፊ ጎማዎች ደግሞ በወጣ ገባ መንገድ ላይ ሳትሞክሩ አትመኑ፤ ደጋፊዎቹ ጉብታ ላይ ወጥተው መካከለኛው ጎማ መሬት መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

ወደ ሰነዱ ስመጣ፣ የእኔ ሞተር በባለቤትነት ደብተሩ ላይ አሁንም ባለ ሁለት ጎማ ነው። ይህ ማለት የኢንሹራንስ ድርጅቱ አደጋ ሲደርስ «ዋስትና የሰጠነው ለዚህ ተሽከርካሪ አይደለም» ሊል ይችላል። «በመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳል» የሚለውንም ቃል በአገራችሁ ሕግ ሳታረጋግጡ አትቀበሉ፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንድ አክሰል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች መሬት በሚነኩባቸው ቦታዎች፣ ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት ከ460 ሚሊ ሜትር ካነሰ እንደ አንድ ጎማ ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ በዓይን ሦስት ጎማ ያለው፣ በወረቀት ባለ ሁለት ጎማ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩን ልመልስ ስሄድ ሻጩ ውሉን አውጥቶ «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚለውን መስመር አሳየኝ፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። መሪው እንደሚከብደኝ ስነግረው «ይለምዱታል፣ አባባ» አለኝ። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ኩርባ ባለበት መንገድ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንድትነዱ ጠይቁ፤ የፊት ሹካው መቀየር አለመቀየሩን፣ ቅየራውን ማን እንደሠራውና ደብተሩ መታረሙን በውሉ ላይ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ቀብዱም ሞተሩ በገለልተኛ መካኒክ እስኪታይ ድረስ ተመላሽ እንዲሆን አስጽፉ። የእኔው ሻጭ ከእነዚህ አንዱንም በጽሑፍ ለማስፈር ፈቃደኛ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።