ከጨረታ ያነሳኋት ያማሃ ኤጂ 100፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሞተሯ የተነሳች ቀን አከራዬ እትዬ ከማድ ቤት ወጡ። ጭሱን አይተው «ልጄ፣ የወባ ትንኟን ከጨረሰልን አልከፋም» አሉኝ። ለማያውቃት ሰው፣ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ናት፤ 97 ሲሲ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ታቃጥላለች፣ ስለዚህ ታጨሳለች። የግብርና ባለሙያ ሲመላለስባት እያየ ያደገ ሰው ድምጿን ከሩቅ ይለያል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ሳነሳት ለዓመታት ቆማ ነበር። ታንኩ ዝገት ብቻ ነው። አቼቶ ሞላሁበት፣ ጠጠር ጨምሬ ናጥኩት፣ ሦስት ቀን አሳደርኩት። አጥቤ ወዲያው አደረቅኩትና ዘይት አንከባለልኩበት። እስካሁን ዝገት አልተመለሰም። ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ወደ ሞተሩ የሚልከውን ፓምፕ ስላላመንኩት ደግሞ የመጀመሪያውን ታንክ ቤንዚን ራሴ ከዘይት ጋር ቀላቅዬ ነዳሁ። የዘይት ማጠራቀሚያው ሲጎድል ካየሁ በኋላ ነው መቀላቀሉን የተውኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስቀደድኩ። አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገባ። ቀለሙን አሳምሬ አስቀባሁ፤ ለቀለም ያወጣሁት ብር አሁንም ይቆጨኛል። የክራንኩን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያሽከረክረውን ዘንግ፣ ሁለት ኦይል ሲሎች (አየር እንዳይገባ የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ግን «ደህና ይመስላሉ» ብዬ ተውኳቸው። ዋጋቸው ከቀለሙ ጋር አይወዳደርም። በሁለተኛው ወር ሞተሯ ተነስታ ባለችበት ሳለች ራሷ መጮህ ጀመረች፤ የነዳጅ እጄታውን ብለቅም አትረጋም። ካርቡራተሩን ስንቴ እንደፈታሁት አላስታውስም። ለካ በዚህ ዓይነት ሞተር የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት በክራንኩ ክፍል ያልፋል። ሲሉ ሲደርቅ በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ስፈታው አዲሱ ፒስተን ተፍቋል። ሁሉን እንደገና። እንደኔ የቆመች የምታነሱ ከሆነ ሲሉን ከቀለሙ አስቀድሙ።

ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ካንዴላዋም ቶሎ ቶሎ ትጠቁር ነበር። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ጂግለር በአነስተኛ ቀየርኩ። አሁን ካንዴላዋ ቡና ዓይነት ናት። የቤዛዊትን ዳገትም በሁለተኛ ማርሽ ሳታጉረመርም ትወጣለች። ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሞላ የገዛሁ ቀን ግን አንገራገረች። ምን እንደቀላቀሉበት እነሱ ይወቁ።

ከሁሉ የወደድኩት ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ መሆኑን ነው። ክረምቱን በሙሉ ወደ ዘጌ በጭቃ ተመላለስኩባት። የጓደኛዬ አዲስ ሞተር ሰንሰለት ሁለቴ ሲለቅ የኔ አንዴ ብቻ ነው የተወጠረው። መቆሚያዋም በግራም በቀኝም አለ፤ ጭቃ ላይ ወደሚመቸው ጎን ታቆማታለህ። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የፍሪሲዮን እጄታዋ መቆለፊያ ደግሞ ማርሽ ሳታወጣ ወርደህ በር እንድትከፍት ነው። ለኔ ግን ጥቅሙ ሰው ማስደነቅ ብቻ ሆኗል።

ፍሬኗ ፊትም ኋላም ሸራ ነው። ውሃ ውስጥ ካለፈች በኋላ ጥቂት ጊዜ አትይዝም፤ ቀስ ብለህ እየያዝክ ታደርቀዋለህ። ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ውስጥ ጥላሸት ስለሚጠራቀም አንዴ አውጥቼ ጠርጌዋለሁ። የማልወድላት መብራቷን ነው። ዝግ ስትል መብራቷም አብሮ ይደክማል፣ ጉድጓድ አያሳይም። ስለዚህ ከመሸ እሷን ግቢ አስገብቼ ባጃጅ ነው የምይዘው።