«ለቻሌንጅ የተዘጋጀ» የሚባለውን የካርድ ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

የእጅ ካርድ ለምትሠሩ ሁሉ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁ። «ለቀላል ካርድ ቻሌንጅ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ሳጥን» እየተባለ ኦንላይን የሚሸጥ ጥቅል አለ። ቻሌንጅ ማለት አዘጋጁ በሚሰጠው ጭብጥ ካርድ ሠርታችሁ ሳይዘጋ የምትልኩበት ነው፤ ቀላል ካርድ ደግሞ ጌጡ ትንሽ፣ ባዶ ቦታው ብዙ የሆነ። ገዝቼው ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሳጥኑ ውስጥ 20 የታጠፉ ነጭ ካርዶች፣ 20 ፖስታዎች፣ አንድ ገጽ ግልጽ (እንደ መስታወት የሚያሳይ) ማህተም፣ ሦስት የማህተም ፓድ እና ባለ ሁለት ፊት የስፖንጅ ማጣበቂያ አለ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ናሙና ካርድ በጣም ያምራል። ነጭ ሜዳ፣ ጥግ ላይ አንዲት ቅጠል፣ ከስሯ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል። ሌላ ምንም የለበትም። ልቤን የወሰደው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ብዙዎቻችን «ካርዱ ቀላል ከሆነ ርካሽ ዕቃም ይበቃዋል» ብለን እናስባለን። ሻጮቹም የሚጫወቱብን በዚህ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በሪባን፣ በአበባና በአራት ድርብ ወረቀት የተሞላ ካርድ ላይ የደበዘዘ ማህተም ይደበቃል። ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ቅጠል ብቻዋን ስትቀመጥ ዓይን ሌላ የሚያርፍበት የለውም። ጉድለቱ ሁሉ እዚያው ይታያል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ካርድ ሠሪ ትንሽ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው፤ ያ ትንሽ ዕቃ ግን ጥሩ መሆን አለበት።

ከወረቀቱ ልጀምር። ሳጥኑ ላይ «300 ግራም» ይላል። ይህ ቁጥር የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 16 ኤ4 አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል። 16 ወረቀት ሚዛን ላይ አድርጉ፤ የምታዩት ግራም የወረቀቱ እውነተኛ ቁጥር ነው። የእኔ ካርዶች ሲዘረጉ ኤ5 ናቸው፣ የኤ4 ግማሽ። 20ዎቹ አንድ ላይ 187 ግራም ገደማ መመዘን ነበረባቸው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው 100 ሆኑ። 160 ግራም ወረቀት ነው የሸጡልኝ ማለት ነው። እንዲህ የሳሳ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ትንሽ ውሃ ሲነካው ይጣመማል። ከፊት ያተማችሁት ጥላው ከውስጥ ይታያል።

እጥፋቱም ተሰነጣጥቆ ነው የመጣው። የወረቀት ቃጫ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ከቃጫው ጋር ሲታጠፍ ልስልስ ብሎ ይታጠፋል፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ጠርዙ ይሻክራል። ወረቀቱን ሳታጥፉ በቁመትም በወርድም ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። እጃችሁን እምብዛም የማይታገልበት አቅጣጫ የቃጫው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ግን ማህተሙ ነው። ግልጽ ማህተም ሁሉ አንድ አይደለም። ከፎቶፖሊመር (በብርሃን ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራው ቀለም በእኩል ይይዛል፣ ቀጭን መስመር ሳይቀር ያወጣል። ርካሹ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ላይ ቀለሙ አይዘረጋም፤ ዘይት ላይ እንደወደቀ ውሃ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ይሰበሰባል። የቅጠሏ ጠርዝ ወጣ፣ መሃሏ ግን ፍንጣሪ ብቻ ነበር። አዲስ ማህተምን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት ይረዳል። እኔም አሸሁት። ትንሽ ተሻለው እንጂ ናሙናው ላይ የነበረችው ቅጠል አልወጣችም። ያ ናሙና በዚህ ማህተም የተሠራ አይመስለኝም።

ፓዱ ላይ «ውሃ የማያስለቅቀው» ይላል። አትሜ፣ አንድ ሙሉ ቀን አድርቄ፣ በእርጥብ ብሩሽ ስነካው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ኩሬ ተለወጠ። በውሃ ቀለም መቀባት የምትወዱ ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ካርዳችሁን አትንኩ። ፖስታው ደግሞ ከካርዱ ጋር ልክ በልክ ነው። ስፖንጅ ለጥፋችሁ ቅጠሏን ብድግ ካደረጋችኋት አይገባም። 10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ካርድ ትክክለኛው ሲ6 የሚባለው ነው፤ 11.4 በ16.2።

አሁን ደግሞ በጣም ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። እንደምንም አንዱን ካርድ ጨርሼ ለቻሌንጅ ላክሁት። አዘጋጇ በትህትና ጠየቀችኝ፦ «ማህተሙ የማን ሥራ ነው?» ገጹን አገላበጥኩት፤ የማንም ስም የለበትም። ኋላ እንደተረዳሁት ቅጠሏ የአንዲት ሠዓሊ ሥራ ናት፣ ሻጮቹ ሳይፈቀድላቸው ቀድተው የቸበቸቧት። ካርዴን አነሳሁ። ሠዓሊዋ ለዚያች መስመር ስንት ቀን እንደደከመች ሳስብ አሁንም ያመኛል። የማህተም ገጽ ላይ የባለቤቱ ስም ከሌለ አትግዙ። ዋጋው ከለመዳችሁት በጣም ዝቅ ካለም ጠርጥሩ።

ሌላም አለ። ስከፍል ከታች በደቃቅ ፊደል «በየወሩ አዲስ ጭብጥ ይላክልኝ» የሚል ሳጥን ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ነበር። አላየሁትም። በሁለተኛው ወር ሳላዝዝ ሂሳቤ ተቆረጠ። የመጣው ጥቅል ጭብጡ «ዝናብ» ነበር፤ ሲደርሰኝ ግን የዝናቡ ቻሌንጅ ከተዘጋ ቆይቷል።

ገዝታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ወርሃዊ ክፍያውን አቋርጡ፣ ማቋረጣችሁን የሚያሳየውንም መልእክት አስቀምጡ። ቀጥሎ ወረቀቱን ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ከሳጥኑ ጽሑፍ ጋር አንድ ላይ ፎቶ አንሱ። እኔ «ጥራቱ አልተመቸኝም» ብዬ ስጽፍ ማንም አልመለሰልኝም። የሚዛኑን ፎቶ ስልክላቸው ግን በማግስቱ መልስ መጣ፣ ግማሹንም መለሱልኝ። ቀሪውን እየጠየቅሁ ነው። የሳሱት ወረቀቶች ለልምምድ ይሁኑ፤ ማህተም የት ጋ እንደሚያምር ለመሞከር ይበቃሉ።

ገና ያልገዛችሁ፣ ለሻጩ ሦስት ጥያቄ ላኩ። ማህተሙ ከምን ተሠራ? ሥዕሉ የማን ነው? ናሙናው የተሠራው በሳጥኑ ውስጥ ባለው ዕቃ ብቻ ነው? እኔ ዘግይቼ ስጠይቅ የመጨረሻውን ዘለሉት።

ለመጀመሪያዎቹ ካርዶቻችሁ ጥሩ ጥቁር ፓድ አንድ፣ አጭር ቃል ያለበት የፎቶፖሊመር ማህተም አንድ፣ ማስመሪያ እና አሥር ባለ 300 ግራም ኤ4 ይበቃችኋል። እያንዳንዱን ለሁለት ስትቆርጡት 20 ካርድ ይወጣዋል። ጭብጡ ዝናብ ከሆነ ሦስት ጠብታ ከባለቀለም ወረቀት ቆርጣችሁ ከቃሉ በላይ ለጥፉ። ጭብጡ ክበብ ከሆነ የጠርሙስ ክዳን ዙሪያውን አስምሩ። የቀረውን ነጭ ተዉት።