ጋጂያ ክላሲክ ፕሮ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የትኛው ክፍል ምን ይሠራል፣ የቱስ ያስቸግራል

ጋጂያ ክላሲክ ፕሮ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ነው፤ ቡና አይፈጭም፣ መጠን አይለካም፣ ወተትም በራሱ አያሞቅም። ፊቱ ላይ ያሉት ሦስት ማብሪያዎች ብቻ ናቸው፦ የኃይል፣ የቡና እና የእንፋሎት። የመጀመሪያው ክላሲክ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣ ወዲህ የውስጥ አሠራሩ መሠረት ብዙም አልተለወጠም። ለወራት በየቀኑ ሲሠራበት የሚታየው ይህ ነው፦ ጠዋት አንድ ሁለት ማኪያቶ ለሚጠጣበት ቤት በጣም ጥሩ ማሽን ነው፤ ስድስት እንግዳ ለተቀመጠበት ሳሎን ግን ጀበናው ይቅደም። ጣዕሙ ሲበላሽ ጥፋቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለማወቅ የማይፈልግ ሰው ባይገዛው ይሻላል።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው ከሚሞቅበት ዕቃ ነው። 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ የሚይዝ የአሉሚኒየም ቦይለር ነው፤ ማሞቂያው ውሃው ውስጥ የተነከረ ሳይሆን ከቦይለሩ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ይሞቃል፤ በዚያው ልክ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ቶሎ ይወርዳል። የቡናው ቴርሞስታት፣ ማለትም ማሞቂያውን እንደ ሙቀቱ የሚያጠፋና የሚያበራው ክፍል፣ 107 ዲግሪ ላይ ይቆርጣል፤ ከዚያ ሙቀቱ በደንብ እስኪወርድ ድረስ መልሶ አያበራም። 107 የቦይለሩ ገጽ ሙቀት ነው፤ ውሃው ቡናው ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል፤ የሚፈለገውም ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ችግሩ በመቁረጥና በማብራት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ መሆኑ ነው። ያው ቡና፣ ያው አፈጫጨት፣ ያው ሚዛን ሆኖ አንዱ ስኒ መራራ፣ ቀጣዩ ኮምጣጣ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ መነሳት ነው። ማሽኑን ቡናው የሚገባበት እጀታ እንደተገጠመ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አሙቁት፤ የዝግጁነት መብራቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበራል፣ ከባዱ ብረት ግን ገና አልሞቀም። ከዚያ ቡና ሳይኖርበት የቡናውን ማብሪያ ተጭናችሁ መብራቱ እስኪጠፋ ውሃ አፍስሱ። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ ቡናውን አውጡ። ሠላሳም ይሁን አርባ፣ ቁም ነገሩ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ቴርሞስታቱን አንስቶ ፒአይዲ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ መግጠም ይህን ሁሉ ቆጠራ ያስቀራል፤ ለዚህ ማሽን ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። በብዛት የሚሰጠው ምክር «የሚፈሰው ውሃ ቸስ ቸስ ማለቱን እስኪተው አፍስሱ» የሚል ነው፤ ይህ የታሰበው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ቸስታው ጸጥ እስኪል የጠበቀ ሰው ውሃውን ወደ 92 አውርዶታል፤ በተለይ አቆላሉ ፈካ ያለ የይርጋጨፌ ቡና በዚህ ሙቀት ኮምጥጦ ይወጣል። እንፋሎቱ ቀነስ ብሎ ገና ሳይጠፋ ማቆም ይሻላል። በእጀታው ውስጥ ያለው ውሃ ግን በፓምፑ ግፊት ሥር ስለሆነ 94 ዲግሪም ቢሆን አይፈላም፤ ከፍታው እዚያ ጣልቃ አይገባም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የፓምፑ ጣሪያ ነው እንጂ ቡናው የሚፈልገው አይደለም፤ ለቡናው 9 ባር ይበቃዋል። ትርፉን ግፊት የሚያስታግሰው ባለሞላ ቫልቭ ሲሆን የተረፈውን ውሃ ወደ ታንኩ ይመልሳል። በቀደሙት ሞዴሎች ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ግፊቱ ከ9 ባር ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲሱ ሞዴል ኢቮ ፕሮ በ9 ባር ተስተካክሎ ይመጣል። የቀደመውን የያዘ ሰው የ9 ባር ሞላ ገዝቶ መለወጥ ይችላል፤ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ የላይኛው ክዳን ተፈትቶ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው። ግፊት ሲበዛ ውሃው በተጠቀጠቀው ቡና መሃል ደካማ ቦታ ፈልጎ ይሾልካል፤ እዚያ ያለው ቡና ከልክ በላይ ይታጠባል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። መራራና ኮምጣጣ ጣዕም በአንድ ስኒ አብረው የሚገኙት ለዚህ ነው። ፓምፑ ራሱ በንዝረት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ዓይነቱ በብዙ የቤት ማሽኖች ላይ ስለሚገኝ መለዋወጫው አያስቸግርም። ጠላቱ ባዶ ታንክ ነው።

እጀታው 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካፌ ማሽኖች መጠን። ከማሽኑ ጋር ከሚመጡት፣ ቡናው ከሚጨመርባቸው ወንፊቶች አንዱ ግድግዳው ድርብ ሆኖ ከታች አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፤ ተፈጭቶ ለተገዛ ቡና የተሠራ ነው፤ የሚያሳየውም አረፋ ከቡናው ጥራት ሳይሆን ከቀዳዳዋ ጥበት የመጣ ነው። ወደ መሳቢያ ግባ በሉት። ግድግዳው ነጠላ በሆነው፣ የሁለት ስኒ መጠን በሚይዘው የተለመደ ወንፊት 17 ወይም 18 ግራም ቡና አስገብታችሁ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም መጠጥ ማውጣት መነሻው ነው። በ12 ሰከንድ ከተንዠቀዠቀ አፈጫጨቱ ሻካራ ነው፤ በ40 ሰከንድ ጠብ ጠብ ካለ በዝቷል ድቀቱ። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና እዚህ አይሆንም፤ ደቃቁና ሻካራው ስለሚደባለቅ ውሃው በሻካራው በኩል ያመልጣል። ቢላ ያለው መፍጫም ከዚያ አይሻልም። ገንዘብ ካጠረ ማሽኑን ያገለገለ ገዝቶ፣ ጥርስ ያለው መፍጫውን አዲስ መግዛት ትክክለኛው ስሌት ነው። ቤት የተቆላ ቡና ደግሞ ለጀበና በዚያው ሰዓት ይጠጣል፤ ለዚህ ማሽን ግን ጋዙ እስኪወጣለት ቢያንስ አምስት ቀን ይረፍ። አለዚያ አረፋው ይበዛል፣ አወራረዱም በየቀኑ ይለዋወጣል።

ክላሲክን በርካሽ ከሚሸጡ ማሽኖች የሚለየው ሦስት መንገድ ያለው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። ማብሪያው ሲጠፋ በእጀታው ውስጥ የቀረውን ግፊት በትንሽ ቱቦ ወደ ታችኛው የውሃ መያዣ ይለቃል፤ አተላው ደርቆ በአንድ ምት ይወድቃል፣ እጀታውም ወዲያው ቢፈታ አይረጭም። በዚሁ መንገድ ግን የቡና ዘይትና ደቃቅ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቀዳዳ የሌለውን ወንፊት ገጥሞ፣ 2 ግራም የቡና ማሽን ማጽጃ ዱቄት ጨምሮ፣ 10 ሰከንድ ማብራት 10 ሰከንድ ማጥፋት፣ አምስት ጊዜ፤ ከዚያ ያለ ዱቄት በንጹህ ውሃ ያንኑ መድገም። ይህ ቫልቭ በሌለው ማሽን ላይ ይህን መሞከር አደጋ ነው፤ ግፊቱ መውጫ ስለሌለው እጀታው ሲፈታ የፈላ ውሃ ይረጫል።

እንፋሎቱ ከዚያችው ትንሽ ቦይለር ነው የሚመጣው። ቡናው ከወጣ በኋላ የእንፋሎቱን ማብሪያ ስትጫኑ ሁለተኛው ቴርሞስታት ቦይለሩን እስከ 145 ዲግሪ ያደርሰዋል። መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ወደ ባዶ ዕቃ ልቀቁ። ከዚያ መብራቱ ሊበራ ትንሽ ሲቀረው መጀመር ነው ዘዴው፤ ማሞቂያው እየሠራ ስለሚቆይ ግፊቱ መሃል ላይ አይወድቅም። ለሁለት ማኪያቶ 150 ሚሊ ሊትር ወተት ልኩ ነው፤ ከ250 በላይ ሲሆን ወተቱ ይሞቃል እንጂ አረፋው አይደቅም። 60 ዲግሪ ሲደርስ፣ ማለትም እጅ ማሰሮውን መያዝ ሲያቅተው፣ አቁሙ። ብዙ ሰው የሚዘለው የመጨረሻው እርምጃ ግን ይህ ነው፦ የእንፋሎቱን ማብሪያ አጥፍቶ፣ መክፈቻውን እንደከፈቱ የቡናውን ማብሪያ ተጭኖ፣ በእንፋሎት ቱቦው ንጹህ ውሃ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ። እንፋሎት ቦይለሩን ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶ ቦይለር ከልክ በላይ ሲግል የሙቀት ፊውዙ ይቃጠላል፣ ማሽኑም አልሞቅም ይላል።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ኤሌክትሪኩ ከሁሉ ይቀድማል። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ኢትዮጵያ ሶኬት ላይ ከተሰካ ማሞቂያው ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ዕድሜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ከ1,400 ዋት በላይ ስለሚወስድ ትራንስፎርመሩም ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል መሆን አለበት፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ኸርዙን አይቀይርም፣ ፓምፑ በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። የዱባዩ ወይም የአውሮፓው ይስማማል፤ የዱባዩ ሦስት ወፍራም ጥርስ ያለው ሶኬት ብቻ ይለወጥለት። የአውሮፓው ካልተነካ ራሱን የሚያጠፋ ስለሆነ ረጅም ሙቀት ለሚፈልግ ሰው ያናድዳል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ንቀሉት።

ውሃው ለስላሳ ይሁን። የድሬዳዋ ውሃ ኖራው ከባድ ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከለገዳዲው ግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። በጀበናው ወይም በውሃ ማፍያው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚታይበት ቤት ማሽኑም ያንኑ ይዟል። በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙቶ አሳልፎ፣ 15 ደቂቃ አቆይቶ፣ ታንኩን ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ አሲድ አሉሚኒየም ስለሚበላ ሌሊቱን አታሳድሩት።

ሲበላሽ ምልክቱ ክፍሉን ይናገራል። ፓምፑ እየጮኸ ውሃ ካልመጣ አየር ይዞታል፤ የእንፋሎቱን መክፈቻ ከፍታችሁ አሠሩት። ማሽኑ ቆሞ ከግሩፑ፣ ማለትም እጀታው ከሚገጠምበት ራስ፣ ጠብ ጠብ ካለ ቫልቩ ውስጥ ደቃቅ ተቀርቅሯል። ቡና ሳይኖርም ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ከወረደ ከላይ ያለውን ሻወር (ውሃውን የሚበትነውን ወንፊት) በካቻቪቴ ፈትታችሁ ጀርባውን እጠቡ፤ የሚገኘው ጥቁር ዝቃጭ ያስገርማል። በእጀታው ጠርዝ ዙሪያ ከፈሰሰ ደግሞ ጎሚኒው ደርቋል፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይብሱን እጀታውን ያበላሻል። ሲገዛ 8.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሊኮን ጎሚኒ ጠይቁ፤ በፋብሪካ ከሚመጣው ጎማ ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ ለማውጣትም ቀጭን ካቻቪቴ ብቻ ይበቃል።