ፓጊድ አርኤስኤል 29 በኬይማን ጂቲ 4 የኋላ እግር፦ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ፖርሽ ኬይማን ጂቲ 4ን (የ981ን ትውልድ ማለታችን ነው) ወደ ሰርኪት (የመኪና ውድድር ሜዳ) የሚወስድ ሰው ቀድሞ የሚያስደነግጠው የኋላው ፍሬን ሸራ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ቶሎ ማለቅ ነበረበት። በዚህ መኪና ግን የኋላው ከፊቱ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ እንደ ፓጊድ አርኤስኤል 29 ያለ ጠንካራ ሸራ ከመፈለግ በፊት ሸራውን የሚበላው ምን እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ስለሆነ ከመኪናው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በኋላ እግር ላይ ነው። የኋላው ዲስክም እንደ ፊቱ 380 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጌጥ አልተቀመጠም። ዋናው በላተኛ ግን ፒቲቪ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ነው። መኪናው ኩርባ ሲገባ አፍንጫው እንዲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ በፍሬን ትንሽ ይይዛል። የመንሸራተት መከላከያውም (ፒኤስኤም) የራሱን ይጨምራል። እግርዎ ከፔዳሉ ላይ ተነስቶም የኋላው ሸራ ሥራ ላይ ነው፤ ዲስኩም ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ያጥረዋል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የቀኝና የግራ ሸራን ውፍረት በካሊበር (የውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ስፓና ኑርቡርግሪንግ የተባሉት ሰርኪቶች በሰዓት አቅጣጫ የሚነዱ ስለሆኑ ወደ ቀኝ መታጠፉ ይበዛል፤ የውስጥ ጎማ የሚሆነውም ቀኙ ነው። በአቡ ዳቢው ያስ ማሪናና በቴክሳሱ ኦስቲን ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንዱ ወገን ጎልቶ ካለቀ ጥፋቱ የኤሌክትሮኒክሱ ነው። ሁለቱ እኩል ሆነው ቶሎ ካለቁ ግን ሸራው ሙቀቱን አልቻለም ማለት ነው። ሸራ ለመቆጠብ ብሎ መከላከያውን ማጥፋት አይመከርም፤ ከመኪናው ይልቅ ሸራ ይረክሳል።

አርኤስኤል 29 ቢጫ ቀለም የተቀባው፣ ለረጅም ውድድር የተሠራው የፓጊድ ሸራ ነው። መልካም ጎኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ ሙቀት ሲጨምር አያያዙ አይደክምም፣ ፔዳሉም እግር ላይ አይለዋወጥም፤ ሲለቁትም ወዲያው ይለቃል። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ሸራ የሚነዳ ሰው ፍጥነቱ እያደገ ሲሄድ ልዩነቱን በግልጽ ያየዋል፤ የፋብሪካው ብዙ ሲሞቅ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ዲስክንም፣ ሞቆ እስከሠራ ድረስ፣ ብዙ አይጎዳም።

ጉዳቱስ? ይጮኻል። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቆም የመንደሩን ሰው መስኮት ላይ ያወጣል። አቧራው ቸርኬ ላይ ቆይቶ እርጥበት ካገኘው ይነክሳል፣ ስለዚህ ከሰርኪት መልስ ወዲያው መታጠብ አለበት። መኪናው በየቀኑ ሥራ የሚያደርስና በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ሰርኪት የሚገባ ከሆነ ፌሮዶ ዲኤስ 2500 የሚባለው ሸራ ይበቃል፤ ዝም ያለና ቀዝቃዛም ሳለ የሚይዝ ነው። ፈጣን ሹፌር ግን በዚህ መኪና የኋላ እግር ላይ በፍጥነት ይጨርሰዋል። ከአርኤስኤል 29 የበለጠ ዕድሜ የሚፈልግ የዚያኑ ፋብሪካ አርኤስኤል 1 ማየት ይችላል፤ ሲረግጡት የመጀመሪያው አያያዙ ግን ለስለስ ይላል።

ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ሸራ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። የኋላው ብቻ ቶሎ ስላለቀ ከፊቱ የበለጠ የሚናከስ ሸራ ኋላ ላይ መግጠም አደገኛ ነው፤ ኩርባ መግቢያ ላይ ፍሬን እንደተያዘ ጅራቱ ይወጣል። የኋላውን በጣም ደካማ ማድረግም አያዋጣም፣ ሸክሙ ወደ ፊት ዞሮ የፊቱ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ያለ ጊዜው ይነሳል።

መግጠሙ ብዙ አያስቸግርም። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ኋላ ሲመለስ የፍሬን ዘይት በማጠራቀሚያው ውስጥ ስለሚነሳ አስቀድሞ ትንሽ ቀድቶ ማውጣት ነው፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ያነሳል። ከአሮጌው ሸራ ጀርባ ያለው የድምፅ መቀነሻ ፒስተኑ ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል ተፈልጎ ይውጣ። አዲሱ ሸራ የሴንሰር (የሸራ ማለቅ ጠቋሚ) ቦታ ከሌለው ሽቦው ከዲስኩና ከጎማው ርቆ ይታሰር። የጎማ ብሎን በ160 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። ዲስኩ ላይ የሌላ ሸራ ቅሪት ካለ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳ፤ ሁለት ዓይነት ቅሪት ሲደራረብ ሰዎች «ዲስኩ ተጣመመ» የሚሉትን መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ከዚያ አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመድ ነው። ከ150 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመካከለኛ ኃይል አራት አምስት ጊዜ፣ በየመሐሉ አየር እያገኘ፤ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ። ሙሉ በሙሉ አይቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ መንዳትና ማቀዝቀዝ። ይህን የዘለለ ሰው ሸራው ላይ መስተዋት የመሰለ ገጽ ያገኛል፤ ሸራው ጥሩ አይደለም ብሎ የሚያማርረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሸራው የሚጣለው ሴንሰሩ ሲያበራ ሳይሆን የቀረው ሸራ ከጀርባው ብረት ውፍረት ጋር ሲስተካከል ነው። ከዚያ በታች ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ፒስተኑ ላስቲክና ወደ ዘይቱ ያልፋል። ሸራው በአንድ ጫፉ ከሌላው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ካነሰ የፒስተኖቹ እንቅስቃሴ ይመርመር። ዲስኩ የተበሳሳ ስለሆነ ከቀዳዳ ቀዳዳ የሚገናኝ ወይም ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ካለ ይቀየር።

የፍሬን ዘይት ላይ መቆጠብ አይገባም። ዶት 4 የሚባለው ተራ የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ በትንሹ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ሞቱል አርቢኤፍ 660 የሚባለው የውድድር ዘይት እስከ 325 ይደርሳል። ዘይት እርጥበት እየሳበ ስለሚሄድ ግን ሁለቱም ከዚያ ይወርዳሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ካሊፐሩን (ሸራውንና ፒስተኑን የያዘውን አካል) ይዩ። ቀይ ከሆነ ዲስኩ የብረት ነውና አርኤስኤል 29 ይስማማዋል። ቢጫ ከሆነ ሴራሚክ ነው፤ ለእሱ ፓጊድ አርኤስሲ የሚባሉትን ለብቻ ሠርቷል፣ የብረቱን ሸራ አይግጠሙበት።