የሳን አንቶኒዮን ታሪክ ለልጆች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኪት ገዝተን ሞከርነው

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት፣ ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የስቴቱን ታሪክ በደንብ የሚማሩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፣ እና ቤት ስትመጣ የምታወራልኝ ስለ አላሞ ብቻ ሆነ፣ የቴክሳስ ተዋጊዎች በሜክሲኮ ጦር የተከበቡበት የድሮ ምሽግ ነው። 1836፣ ጦርነት፣ ሁሉም አለቁ፣ በቃ። እኛ የምንኖረው እዚሁ ሳን አንቶኒዮ ነው፣ የከተማው ስም ራሱ ስፓኒሽ ነው፣ ታዲያ ከዛ በፊት እዚህ ምን ነበር? ብዬ ሳፈላልግ ነው ይሄን ኪት ያገኘሁት። ሳጥኑ ውስጥ አንድ የአክቲቪቲ መጽሐፍ፣ ትልቅ የሚዘረጋ ካርታና ካርዶች አሉት፣ ሁሉም በሁለቱ ቋንቋ። እኛ ቤት የሚወራው አማርኛና እንግሊዝኛ ነው፣ ስፓኒሽ የሚችል የለም፣ ስለዚህ ትንሽ አመንትቼ ነበር፣ ግን የጎረቤታችን ልጅ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው፣ ከአያቱ ጋር ስፓኒሽ ነው የሚያወራው፣ አብረው ይሰሩታል ብዬ ገዛሁት።

ካርዶቹን በጣም ነው የወደድኳቸው። ለምን መሰላችሁ፣ በስፓኒሽ የተጻፈው የእንግሊዝኛው ትርጉም አይደለም፣ ሌላ መረጃ ነው፣ ግማሹ ፍንጭ በአንዱ ቋንቋ ግማሹ በሌላው። ልጄ ብቻዋን ልትፈታው አትችልም፣ እሱም አይችልም፣ የግድ መነጋገር አለባቸው። ለምሳሌ አንዱ ካርድ ላይ እንግሊዝኛው በ1700ዎቹ የተሰራ፣ ውሃን ከጅረት በላይ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ፈልጉ ይላል፣ ስፓኒሹ ደግሞ አሴኪያውን ተከተሉ ይላል። አሴኪያ ማለት የመስኖ ቦይ ነው፣ ቃሉ ወደ ስፓኒሽ የገባው ከአረብኛ ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ገርሞኝ ቆሜ ቀረሁ፣ ከአረብ ወደ ስፔን፣ ከስፔን ባህር ተሻግሮ እኛ ሰፈር።

ቅዳሜ ይዣቸው ወደ እስፓዳ ሄድኩ፣ ከሚሽኖቹ አንዱ ነው፣ ሚሽን ማለት ስፔኖች ነባሩን ሕዝብ ክርስቲያን ለማድረግ ያቋቋሙት ሰፈር ነው፣ ሚሽኖቹ ያሉበት ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ አያስከፍልም። ድልድዩ በ1745 አካባቢ ያለቀ ነው፣ እና አሁንም ውሃ ይሄድበታል! ካርዱ ላይ ቅጠል ጣሉና ፍጥነቱን ቁጠሩ ይላል፣ ሁለቱም ቦዩ ዳር በሆዳቸው ተኝተው ቅጠል እየጣሉ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ እያሉ ይቆጥራሉ፣ ልጄ እስከ ሃያ በስፓኒሽ መቁጠር የቻለችው እዛ ነው። ከዛ እሱ ይሄን ማን ቆፈረው አላት፣ እሷም ዞራ እኔን ጠየቀችኝ።

እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ። የቆፈሩትም ሚሽኖቹን በድንጋይ የገነቡትም በብዛት ኮዋዊልቴካን ተብለው የሚጠሩት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው፣ ኪቱ ግን ለነሱ የሰጠው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ያናጉዋና የሚለው የቦታው የድሮ ስም ተጽፏል፣ ስፔኖች በ1691 በቅዱስ አንጦንዮስ ቀን ደርሰው ሳን አንቶኒዮ እንዳሉት ተጽፏል፣ ከዛ በቀጥታ 1718 እና የመጀመሪያው ሚሽን። ስለ ሰዎቹ ምን በሉ፣ ምን ሆኑ፣ ለምን ሚሽን ገቡ፣ በበሽታ ስንቱ አለቀ፣ ምንም የለም። ልጆች እኮ እንደዚህ አይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልስ ሲያጡ ደግሞ ዝም ብለው ያልፉታል፣ ያ ነው ያሳዘነኝ።

መጽሐፉ ራሱ ከካርዶቹ ይለያል፣ በግራ ስፓኒሽ በቀኝ እንግሊዝኛ፣ ያው አንድ ነገር። ውጤቱ ምን ሆነ፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ አንብቦ ጨረሰ፣ ሌላኛውን ማንም አላየውም። የቃላት ገጹ ብቻ ከዚህ ይወጣል፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ያሉ ከስፓኒሽ የመጡ ቃላትን ፈልጉ ይላል፣ ሮዲዮ፣ ላሶ፣ ራንች፣ ባካሩ ደግሞ ቫኬሮ ከሚለው የመጣ ነው፣ ካውቦይ ማለት ነው። ልጁ ቫኬሮን ሲያይ ይሄ የኛ ቃል ነው ብሎ ተነስቶ ቆመ።

ሁዋን ሴጊን ላይ ግን መጽሐፉንም አመሰግናለሁ። እዚሁ የተወለደ፣ አላሞ ውስጥ የነበረ፣ እርዳታ እንዲያመጣ ተልኮ ስለወጣ የተረፈ፣ በኋላ የከተማው ከንቲባ የሆነ፣ ከዛ በ1842 ተገፍቶ ወደ ሜክሲኮ የሄደ ሰው ነው። ልጄ ለኛ ተዋግቶ ለምን አባረሩት ብላ ማታ እራት ላይ ደጋግማ ጠየቀችኝ፣ ለረጅም ሰዓት አወራን።

ሌላው ችግር የወላጅ መመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኪቱ ሁለት ቋንቋ ነው ተብሎ አያትየው መመሪያውን ማንበብ አልቻሉም፣ ይሄ በጣም ትልቅ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በ1938 ስለነበረው የፒካን (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ ነው) ፈልፋዮች አድማ የሚያወራው ገጽ ላይ፣ ወደ 12,000 ሰራተኛ፣ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ሴቶች፣ ክፍያ ተቀንሶባቸው ስራ ያቆሙበት፣ ከፊት የነበረችው ኤማ ቴናዩካ 21 ዓመቷ ነበር፣ ልጁ በስፓኒሽ ሲያነብላቸው እሳቸው ማድ ቤት እቃ እያጠቡ ነበር፣ ውሃውን ዘጉት። እናታቸው ከነዛ ሴቶች አንዷ ነበሩ። እጃቸውን አድርቀው መጡና ተቀምጠው ፒካን እንዴት በጣት እንደሚፈለፈል፣ ቅርፊቱ ጥፍር ስር ገብቶ እንዴት እንደሚያቆስል በጣታቸው እያሳዩ ነገሯቸው፣ የልጅ ልጃቸው ለልጄ ተረጎመላት፣ እሷ ለኔ በአማርኛ።

ለምትገዙ፣ ከካርዶቹ ጀምሩ፣ መጽሐፉን ለኋላ ተዉት፣ ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ይከብዳል። ስፓኒሽ የሚችል ጓደኛ ወይ ጎረቤት ከሌላችሁ ግን ካርዶቹ አይሰሩላችሁም፣ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለዛ ግማሽ ገጽ ነው።