የአንገቴን ፂም ለሌዘር ሰጠሁት

ስለ ሌዘር ፀጉር ማስወገጃ የሚወራው አብዛኛው ነገር የሴቶች ነው። እግር፣ ብብት፣ አገጭ። እኔ ወንድ ነኝ። ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ፂሜ ደግሞ ጥቅልል ያለ። በተላጨሁ ማግሥት አንገቴ በእብጠት ይሞላል። በምላጭ የተቆረጠው ፀጉር ጫፉ ሹል ይሆናል፤ ሲያድግ ይጠማዘዝና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እብጠት፣ ከዚያ መግል፣ ከዚያ ጥቁር ምልክት። ምላጭ ቀያይሬያለሁ፣ የመላጫ ክሬም ቀያይሬያለሁ፣ ማሽንም ሞክሬያለሁ። የሸሚዝ ኮሌታ መቆለፍ ሥራ ሆኖብኝ ነበር።

አሁን የሌዘር ዙሩን ጨርሻለሁ። ገንዘቤ አላናደደኝም። ግን ለማንም ሰው ዝም ብለህ ሂድ አልልም፤ ሁሉ ነገር ያለው ማሽኑና ማሽኑን የሚይዘው ሰው ላይ ነው።

ሌዘር ፀጉር አይቆርጥም፣ አይነቅልም። ብርሃን ነው የሚልከው። ብርሃኑን የሚውጠው ፀጉርን የሚያጠቁረው ሜላኒን ነው። የተዋጠው ብርሃን ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ አዲስ ፀጉር የሚያበቅሉትን የሥሩን ሕዋሶች ይጎዳል። በብርሃን አንዱን ነገር ለይቶ ማሞቅና አጠገቡ ያለውን መተው እንደሚቻል አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፈው ነበር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሜላኒን ቆዳችን ውስጥም አለ። ማሽኑ ካልተመረጠ የሚቃጠለው ፀጉሩ ሳይሆን እኛ ነን።

ለዚህ ነው የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም የብርሃኑን ዓይነት የሚለየውን ቁጥር፣ መጠየቅ ያለባችሁ። የሚለካው በናኖሜትር ነው። አሌክሳንድራይት የሚባለው የሌዘር ዓይነት 755 ናኖሜትር ነው። ዳዮድ ብዙ ጊዜ 810 አካባቢ ነው። ኤንዲ ያግ 1064 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሜላኒን የሚውጠው ይቀንሳል፤ ብርሃኑም የላይኛውን ቆዳ አልፎ ጠለቅ ይላል። ስለዚህ ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው 1064 ነው። ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ተአምር የሚሠራው አሌክሳንድራይት ጥቁር ቆዳ ላይ ቃጠሎና ጠባሳ ሊተው ይችላል።

መጀመሪያ የጠየቅሁበት ቦታ እንግዳ የምትቀበለዋ ልጅ "ማሽናችን ለሁሉም ቆዳ ይሆናል" አለችኝ። ዓይነቱ ምንድነው ስላት "አዲስ ነው" አለች። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ያገኘኋት የቆዳ ሐኪም ማሽኑን ከመንካቷ በፊት በጥያቄ አጣደፈችኝ። የምትወስደው መድኃኒት አለ? ቁስልህ ሲድን ጠባሳው ያብጣል? ሰሞኑን ፀሐይ መትቶሃል? "ከንፈርህ ላይስ ምች ይወጣብሃል ወይ ወንድሜ?" ሙቀቱ ምችን ሊቀሰቅሰው ይችላል ለካ። ያን ቀን መንጋጋዬ ሥር ትንሽ ቦታ ብቻ ሞክራ፣ ቆዳህ ምን እንደሚል እንይ ብላ አሰናበተችኝ። እኔ ቸኩዬ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ። ግን እንዲህ የምታዘገይ ሐኪም ናት የምትፈለገው።

ከቀጠሮው በፊት መላጨት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። ከላይ የቀረ ፀጉር ቆዳውን ያቃጥላል። በወረንጦ፣ በክር ወይም በሰም መንቀል ግን ለሳምንታት የተከለከለ ነው። ፀጉሩ ከሥሩ ከሌለ ብርሃኑ ምኑን ያሙቀው?

ሕመሙን አላስውበውም። ከመጥበሻ የሚፈናጠር ትኩስ ዘይት ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይጠፋል። ኤንዲ ያግ ከሌሎቹ የበለጠ ያማል ይባላል፤ አገጬ ሥር ሲደርስ እግሬ ራሱ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀዝቃዛ አየር እየነፋብኝ ባይሆን አልችለውም። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጥቁር መነጽር ሁለታችንም አድርገናል፤ ያለ መነጽር የሚሠራ ቦታ ካያችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ማደንዘዣ ክሬም ደግሞ ቤት ተቀብቶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ነገር አይደለም። ሁለት ወጣት ሴቶች ለሌዘር ብለው እግራቸውን እንዲያ ቀብተው ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሲያልቅ በየፀጉሩ ዙሪያ ጥቃቅን እብጠት ይወጣል። ጥሩ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ከዚያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው እንግዲህ፣ በየቀኑ። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ፀጉሩ ያደገ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ተበላሁ" ይላል። እያደገ ሳይሆን እየተገፋ እየወጣ ነው፤ ፊት ስትታጠቡ ይረግፋል።

ደግሞ ይመለሳል። ምክንያቱም ሌዘር በደንብ የሚይዘው በዚያን ሰዓት በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ነው፤ የተኛውን አይነካውም። ለዚህ ነው ለፊትና ለአንገት በየ4 እስከ 6 ሳምንት የሚቀጠረው፣ በጠቅላላውም 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚደጋገመው። በአንድ ቀን እንጨርስልሃለን የሚል ካለ ይዋሻል።

የእኔ ውጤት ይኸውና። እብጠቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ጥቁሩ ምልክት በዝግታ እየደበዘዘ ነው። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ሳስቷል፣ ቀጥኗል፣ ስላጨውም አይቆጣም። ሽበቶቼ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሜላኒን የለማ! ለነጭ ፀጉር በመርፌ አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኤሌክትሮሊሲስ ነው መፍትሔው፤ ለእሱ ትዕግሥቱ የለኝም።

እህቴ ለአገጯ ልትሠራ ስትጠይቀኝ አስቀድማ ሆርሞኗን እንድትታይ ነገርኳት። ምክንያቱ ሆርሞን ከሆነ አዲስ ፀጉር መምጣቱን አያቆምም። አንዳንዴም ፊትና አንገት ላይ ሌዘሩ በተመታው ዙሪያ ያለው ለስላሳ ፀጉር ይባስ ይበዛል፤ ብዙ ባይሆንም ያጋጥማል። ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱ የሚጠቀምባቸው ትንንሽ የብርሃን ማሽኖች ደግሞ አብዛኞቹ ሌዘር አይደሉም። ሣጥናቸው ላይ የቆዳ ቀለም ሰንጠረዥ አለ፤ ጥቁሩ ላይ ብዙ ጊዜ የተከለከለ ምልክት ታገኛላችሁ።

ወንዶች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሟ ከመጀመሯ በፊት በነጭ እርሳስ መስመር አስምራ መስተዋት ሰጠችኝ። ከመስመሩ በላይ ያለው ፂም እንዲቀር፣ በታች ያለው እንዲሄድ። መስመሩን በደንብ እዩት፣ ካልጣማችሁ አስጠፍታችሁ አስደግሙ። ነገ ሙሉ ፂም ላሳድግ ብትሉ የሳሳው ቦታ እንደ ድሮው አይሞላላችሁም።